ቀላሉን ጠመንጃ የመረጥኩ ዕለት

እኔ ስለ ጭራቅና ስለ ጥላ ወሬ ሲጀመር ሻዬን ጨልጬ የምነሣ ሰው ነኝ፣ ብቸና ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክርልኛል፣ ሥራዬ የቤት መብራት መዘርጋት ነው፣ ገመዱ ካልተያያዘ አምፖሉ አይበራም፣ ከበራ ደግሞ የሆነ ቦታ ተያይዟል ማለት ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ዛር ነው፣ ቆሌ ነው፣ የሞተ ሰው ታየን የሚሉኝን ሁሉ "እስቲ ቆጣሪውን አሳዩኝ" እያልኩ ስስቅባቸው ነው የኖርኩት። አሁን እናንተም ብትስቁብኝ አልቀየማችሁም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ፣ ከዚያ በኋላ እንደ ፈለጋችሁ ፍረዱ።

ነገሩ የተጀመረው በነብር ነው። ታናሽ ወንድሜ ይሁኔ ከሞጣ ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጣ ባለች አንዲት የገጠር ቀበሌ ነው የሚኖረው፣ ገበሬ ነው። በዚያ ክረምት መውጫ ላይ አንድ ነብር ከተራራው እየወረደ የሰፈሩን በግና ጥጃ ሲፈጅ ከረመ፣ በመጨረሻ አንድ ማለዳ የይሁኔ ሚስት ጥሩሰው ላም ልታልብ ጋጣ ስትገባ እዚያው ውስጥ አድፍጦ አገኘችው፣ ክንዷን ዘነጣጥሎት ወጣ፣ ያውም ነፍሰ ጡር ናት። ይሁኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ የሚቀመጥ ሰው አይደለም፣ ጠመንጃውን ይዞ ከጎረቤቱ ከጋሽ ሙላት ጋር ነብሩን ሊያድን ተራራ ወጣ። ጋሽ ሙላት ብቻቸውን ተመለሱ። ጉም ወረደብን፣ ተለያየን፣ ድምፄ እስኪዘጋ ተጣራሁ አሉ፣ ከዚህ ሌላ የሚሉት የላቸውም።

ሰፈሩ ተሰብስቦ ፈለገ። ያገኙት የይሁኔን ጠመንጃ ብቻ ነው፣ ሰደፉ ተሰብሮ ድንጋይ ሥር ወድቋል፣ አጠገቡ ደም አለ፣ እሱ የለም። ከዚያማ ሰዉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ጀመረ፣ ታውቁት የለ፣ ሰው ተስፋ ሲቆርጥ እንዴት እንደሚያወራ። ጥሩሰው ደወለችልኝ፣ አላለቀሰችም፣ ያ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ፣ "አንማው፣ ድንኳን ሊተክሉብኝ ነው፣ እኔ የሚለቀስለት ባል የለኝም፣ የሚፈለግ ባል ነው ያለኝ፣ አንተ ከቀረህ ግን ማን ይፈልግልኛል?" አለችኝ። በማግስቱ ሞጣ ነበርኩ።

እንግዲህ ችግሩ እኔ ነኝ። ከዓመታት በፊት ከመብራት ምሰሶ ወድቄ የቀኝ ትከሻዬ አጥንት ተሰብሯል፣ ገጠመ እንጂ አልዳነም፣ ጆንያ ልሸከም ብል እንባዬ ይመጣል። ነብር ያለበት ተራራ ላይ ባዶ እጅ አይወጣም፣ ከባድ ጠመንጃ ይዤም ግማሽ መንገድ አልደርስም። ስለዚህ በቀጥታ ሐጂ ሰይድ ቤት ሄድኩ። ሐጂ የሟቹ አባቴ ወዳጅ ናቸው፣ በወጣትነታቸው አብረው አደን ይወጡ ነበር፣ አሁን እዚያው ሞጣ ገበያው አጠገብ ጨርቅ ይሸጣሉ። ጉዳዬን ስነግራቸው ሱቁን ዘጉ፣ ጓዳ አስገቡኝና ሦስት ጠመንጃ ምንጣፍ ላይ አጋደሙልኝ።

"ክብደቱን በእጅህ አትለካው" አሉኝ፣ "አንግተህ ደረጃውን ውጣ ውረድ፣ ትንፋሽህ ይነግርሃል።"

መጀመሪያ ረጅሙን ዲሞትፈር አነገትኩ፣ ሩቅ የሚመታ የታመነ ጠመንጃ ነው፣ ግን አፈሙዙ ከራሴ በላይ ወጥቶ የበሩን ጉበን መታው፣ ተራራው ላይ ያለው የአስታ ቁጥቋጦማ በየርምጃው ሊይዘኝ ነው፣ ትከሻዬም ከሁለተኛው ደረጃ አላለፈም። ክላሹ አጭር ነው፣ ካዝናው ሲሞላ ግን ወገብ ይጎትታል፣ ደግሞም ጊዜው እንደምታውቁት ነው፣ ክላሽ አንግቶ መንገድ ላይ መታየት ሌላ ጣጣ ያመጣል። ሦስተኛው አጭር ምንሽር ነበር፣ ፈረሰኛ የሚይዘው ዓይነት፣ እንጨቱ ተጠርቦ የሳሳ፣ ሳነሣው ብረት ያለበት አልመሰለኝም። ደረጃውን ወጣሁ ወረድኩ፣ ትንፋሼ እንዳለ ነው።

"እሱ ቀላል ነው" አሉ ሐጂ ሰይድ፣ "ግን ቀላል ጠመንጃ ተኳሹንም ይመታል። ያንን ትከሻህን አስበህበታል?"

"አንድ ጊዜ ብተኩስ ነው ሐጂ፣ አጥንቴ እንደገና ይሰበር፣ ግድ የለኝም።"

ጥይቱን በመሐረብ ቋጥረው ሰጡኝ፣ "ወላሂ አባትህም እንዲህ ነበር የሚመልስልኝ፣ አላህ ወንድምህን በሕይወት ያሳይህ" አሉኝ። ጠመንጃውን በጋቢ ጠቅልዬ ወጣሁ።

ወደ ተራራው የወጣነው እኔና ጋሽ ሙላት ብቻ ነን። ሌላው ሰው አዝኖልን ነው እንጂ የሚያገኝ መስሎት የሚከተለን አልነበረም። ጋሽ ሙላት ይሁኔን ጥለው ከመጡ ወዲህ እህል በአፋቸው አልዞረም፣ ጉንጫቸው ገብቷል፣ መንገዱን ሁሉ ከፊት ከፊቴ እየሄዱ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገሩት፣ "እኔ ብጠፋ እሱ ሳያገኘኝ አይወርድም ነበር።"

ረፋዱ ላይ ፀሐይ ነበረች። ቀትር ሲሆን ጉሙ ከላይ እንደ ጎርፍ ወረደ፣ ጮቄን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ የራስን እግር የሚሰውር ጉም ነው። ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች በየቦታው ተተክለው እንደ ቆመ ሰው ነው የሚታዩት፣ እየደጋገምኩ "ይሁኔ!" ብዬ ወደ ጅብራ ስሮጥ ጋሽ ሙላት ክንዴን ይይዙኛል። አንድ ገደል አፋፍ ስንደርስ ቆሙና "አንተ ይቺን ቀጭን መንገድ ይዘህ ቀስ እያልክ ወደ አናቱ ውጣ፣ እኔ እዚህ ታች ያለውን ዋሻ አይቼ ከኋላህ እደርስብሃለሁ" አሉኝ። እሺ ብዬ ብቻዬን መውጣት ጀመርኩ።

ጥቂት እንደ ሄድኩ ከኋላዬ ጠጠር ሲንከባለል ሰማሁ። ጋሽ ሙላት ደረሱ አልኩ። ስሄድ ይሄዳል፣ ስቆም ይቆማል፣ ብቻ ሁልጊዜ እኔ ከቆምኩ በኋላ አንድ ርምጃ ይጨምራል፣ ድካም ነው ብዬ አለፍኩት። እየቆየ ያ ቀላል ያልኩት ጠመንጃ መክበድ ጀመረ፣ ማንገቻው ትከሻዬን እንደ ቢላዋ ቆረጠኝ፣ ትንፋሼ አለቀ፣ ተንበርክኬ በእጄ ሣር እየጨበጥኩ መውጣት ሆነ። እውነቴን ነው፣ እዚያች ቦታ ላይ ወንድሜ እንደ ሞተ አመንኩ፣ ለጥሩሰው ምን ብዬ እንደምነግራት ቃል እየፈለግሁ ነበር። ያን ጊዜ ልክ ከጀርባዬ፣ በሹክሹክታ፣ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ድምፅ፣ "አምጣው፣ ልያዝልህ" አለኝ።

ዞር አላልኩም። ምን ያዞረኛል? ጋሽ ሙላት ናቸው። ማንገቻውን ከትከሻዬ አውጥቼ ጠመንጃውን ወደ ኋላ ዘረጋሁ፣ ከእጄ ላይ ተቀበለኝ፣ በደንብ፣ በጥንቃቄ፣ ሰው ከሰው እንደሚቀበል። "እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ" ብዬ መውጣቴን ቀጠልኩ። ከኋላዬ ርምጃውም ነበር፣ ማንገቻው እንጨቱን ሲነካ የምትሰማው ቀጭ ቀጭ የምትል ድምፅም ነበረች። አናቱ ላይ ስደርስ ከጉሙ ውስጥ አንድ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አየሁ።

ጋሽ ሙላት ናቸው።

"ዋሻው ባዶ ነው፣ በአቋራጭ ወጣሁ፣ ስጠብቅህ ቆየሁ" አሉኝ። ከዚያ ትከሻዬን አዩ። "ጠመንጃህስ?"

ዞር ብዬ የመጣሁበትን መንገድ አየሁ፣ ጉም ብቻ ነው፣ ርምጃው የለም፣ ቀጭ ቀጩም የለም። አፌን ከፍቼ ልናገር ስል ከታች፣ ከመጣሁበት መንገድ በስተግራ፣ ተኩስ ጮኸ። አንድ ጊዜ። ጋሽ ሙላትም ሰምተዋል፣ ይኼን ልብ በሉልኝ፣ የእኔ ጆሮ ብቻ ቢሆን እስካሁን ራሴን አሳምኜ ነበር። ኮሮጇቸውን ከነገመዱ ጥለው ተነሡ፣ ድምፁ ወደ ተሰማበት እየተንሸራተትን ወረድን።

ጠመንጃው አንድ አስታ ግንድ ላይ ተደግፎ ቆሟል። አፈሙዙን ነካሁት፣ ይሞቃል፣ የባሩድ ሽታ አለው። ከፈትኩት፣ ጥይቱ እኔ እንደሞላሁት አንድም ሳይጎድል አለ። ጋሽ ሙላት አማተቡ። እኔ ማማተቡንም ረሳሁት፣ ምክንያቱም ያን ጊዜ ከግንዱ በታች ካለው ስንጥቅ ውስጥ ድምፅ ሰማሁ።

"አንማው፣ ተመለስክ?"

ይሁኔ ነው! በሆዴ ተኝቼ ቁልቁል አየሁ፣ ከሰው ቁመት ዘለግ ብሎ በሚጠልቅ ጠባብ የአፈር መደብ ላይ ጀርባውን ለድንጋይ ሰጥቶ ተቀምጧል፣ አንድ እግሩ በማይታጠፍበት በኩል ታጥፏል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ከመደቡ በታች ገደል ነው። ስሙን እየጠራሁ አለቀስኩ። እሱ ግን አላለቀሰም፣ የገረመው እኔ በመገረሜ ነው።

"ምን ሆነሃል?" አለኝ፣ "ልተኩስላቸው፣ ካልሰሙ አያገኙህም ብለህ አሁን አይደለም እንዴ የወጣኸው?"

"እኔ?"

"እዚህ አጠገቤ አልነበርክም? ነብሩ ከጣለኝ ጀምሮ ውሃ ከድንጋዩ እየቀዳህ በእጅህ ታጠጣኝ አልነበረም? ዛሬ ጠዋትማ ስለ ጠመንጃው እየነገርከኝ ነበር፣ ረጅሙን ትቼ አጭሩን መረጥኩ፣ ትከሻዬ አይችልም አልከኝ።"

ጠመንጃ እንዳማረጥኩ ከሐጂ ሰይድ ሌላ ማንም አያውቅም። ጋሽ ሙላት ፊታቸው አመድ መሰለ፣ "ገመዱን ላምጣ" ብለው ወደ አናቱ ሮጡ። እሳቸው ከጉሙ እንደ ገቡ መደቡ መናድ ጀመረ፣ ክረምቱን ሙሉ ውሃ የጠጣ አፈር ነው፣ ከይሁኔ እግር ሥር ጓል እየተገመሰ ይወድቅና ሲያርፍ እንኳ አይሰማም። ገመዱን መጠበቅ የለም። ጥይቱን አራገፍኩ፣ አፈሙዙን በሁለት እጄ ጨብጬ ሰደፉን ወደ እሱ አወረድኩለት። አልደረሰም። አንድ ክንድ ያህል ይቀራል። ዲሞትፈሩ ቢሆን ይደርስ ነበር፣ አሁን ወንድሜ ዓይኔ እያየ የሚሞተው እኔ ቀላሉን ስለ መረጥኩ ነው፣ ይኼን እያሰብኩ በደረቴ ወደ ፊት ተሳብኩ፣ ከዚህ በላይ ብሳብ ሁለታችንም ገደል መግባታችን ነው።

"ያዝ! ተንጠራርተህ ያዝ!" እላለሁ።

እሱ እኔን አየና ዓይኑ ከእኔ ተነሥቶ ወደ ጎኔ ሄደ፣ ልክ እዚያ ሌላ ሰው እንደተኛ ሁሉ። ተመልሶ እኔን አየ። ግራ የገባው ሕፃን ነው የሚመስለው።

"ከሁለታችሁ የማንን ልያዝ?" አለኝ።

ወደ ጎኔ አላየሁም። ጀግና ስለሆንኩ አይደለም፣ አንገቴ እንቢ አለኝ፣ ጆሮዬ ሥር ግን ትንፋሽ ይሰማኝ ነበር፣ ያ ትንፋሽ ያጠረው። "ጠመንጃውን ያዝ!" ብዬ ጮህኩ፣ መደቡ ሙሉ በሙሉ ሲናድ ሰማሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስገልጠው ይሁኔ አጠገቤ በጀርባው ተኝቶ ያቃስታል። ጠመንጃው አሁንም በሁለት እጄ ላይ ነው፣ ሰደፉ ወደ ገደሉ እንደ ተንጠለጠለ። ክብደት አልተሰማኝም፣ ትከሻዬም አላመመኝም። ጋሽ ሙላት ገመዱን ይዘው ሲደርሱ ይሁኔ ላይ ወድቀው ጉልበቱን እየሳሙ አለቀሱ፣ ከዚያ ቀና ብለው "በዚህ ትከሻህ እንዴት አድርገህ ጎተትከው?" አሉኝ። እግዜር አውቆ አልኩ።

የሰፈሩን ሰው ጠርተን በቃሬዛ ሞጣ ሆስፒታል አደረስነው። ጥሩሰው በደህና ወለደች፣ ነብሩን ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ጠመንጃውን ስመልስ ሐጂ ሰይድ አፈሙዙን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና "ተኩሰሃል" አሉኝ፣ አልተኮስኩም ብዬ ጥይቱን ከነመሐረቡ ስሰጣቸው ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም፣ ብቻ ጠመንጃውን ከሁለቱ ለይተው ሌላ ክፍል አስቀመጡት።

ይሁኔ እግሩ እስኪጠና ብቸና እኔ ቤት ከረመ። ስለዚያ ቀን አናወራም ነበር። አንድ ጠዋት ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ አላስችል አለኝና "ለመሆኑ ምኑን ይዘህ ነው የወጣኸው?" አልኩት።

"እጅህን ነዋ።"

"ሁለቱም እጆቼ ጠመንጃው ላይ ነበሩ እኮ።"

ምርኩዙን መሬት ላይ ሲያዞር ቆየ። "አውቃለሁ" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "ስወጣ አይቼዋለሁ፣ አንዱ ጠመንጃ ይዞ ዓይኑን ጨፍኖ ተኝቶ ነበር፣ ያወጣኝ ሌላኛው ነው። እኔን የጨነቀኝ እሱ አይደለም አንማው፣ ከሁለታችሁ ከየትኛው ጋር እንደ ወረድኩ ነው።"

ልስቅ ፈለግሁ። እሱ ግን ዓይኑን ከእጆቼ ላይ አልነቀለም።