ጠፍታ የተገኘችው ሳጥን

ሽማግሌው መሐንዲስ ከምሳ በኋላ እንዳሸለቡ ቀሩ። የኦክስጅን ማሽኑ አጠገባቸው እየሠራ ነው፤ ቱቦውም ከአፍንጫቸው አልወለቀም። ሐኪሙ ግን አየር አጥሯቸው ነው የሞቱት አለ። እንግዲህ ማሽኑን አጥፍቶ መልሶ ያበራው ሰው አለ ማለት ነው። አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው ብቻ ናት፤ ፋርማሲ ሄጄ ነበር ብትልም እዚያ ያያት የለም። ፖሊሶች መኪናቸውን በር ላይ አቁመው ሊወስዷት ይጠብቃሉ።

ከመርማሪዋ ዓይን ነገር አያመልጥም። ዓይኗ ያረፈው መደርደሪያው ላይ ካለች ትንሽ ሳጥን ነው። የሟቹ ሰርቨር፣ ማለትም የማከማቻ ኮምፒውተር ናት፤ ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት የምትሠራ፣ የቤተሰቡን ፎቶና ድምፅ ሁሉ የያዘች፣ ሌት ተቀን የማትጠፋ። አሁን ግን ጠፍታለች። ገመዷ ከኦክስጅኑ ገመድ ጋር አንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ላይ ተሰክቷል።

ሁሉንም ለየብቻ ስለ ሳጥኗ ጠየቀች። ጠዋት ጠዋት የምትመጣው ነርስ፣ አቧራዋን ከመጥረግ በቀር ነክቻት አላውቅም አለች፤ በሰዓቱም ሌላ በሽተኛ ቤት እንደነበረች ተረጋገጠ። የሟቹ ታናሽ ወንድም ደግሞ ቤቱን ለልጃቸው በመናዘዛቸው ተቀይሞ ነበርና፣ ከወር ወዲህ ደጃፉን አልረገጥኩም ብሎ ማለ። ሳጥኗን ግን ከሟቹ ጋር አብረው ነው የገጠሟት።

«ግትር ናት» አለ ፈገግ ብሎ። «መብራት ሄዶ ሲመጣ ማብሪያዋን ካልተጫኑላት አትነሳም። ስንት ዓመት ስጫንላት ኖሬያለሁ።»

ልጅቷ ይህንን ከመርማሪዋ ስትሰማ ግራ ገባት። «እሱማ ድሮ ነው። ሰኞ ዕለት አባዬ እያዘዘኝ ቅንብሯን ቀየርነው፤ አሁን መብራት ሲመለስ ራሷ ትነሳለች።»

መርማሪዋ ባለሙያ ጠርታ የሳጥኗን መዝገብ አስነበበች። ከዚያ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ሰባት ሰዓት ላይ ኤሌክትሪክ ድንገት ተቋርጦባታል» አለች። «ሰፈሩ ግን መብራት አልጠፋበትም፤ የተነቀለው ማከፋፈያው ነው፤ ኦክስጅኑም አብሮ ቆመ። ሰባት ተኩል ላይ ተመልሶ ተሰካ፣ እሷም ራሷ ተነሳች። ደቂቃ ሳይቆይ አንድ ሰው ማብሪያዋን ተጫነ። ስትነሳ ድምፅ ስለማታሰማ መነሳቷን አላወቀም፤ ሊያስነሳት ብሎ አጠፋት። ልጃቸው ብትሆን አትነካትም ነበር፤ ራሷ እንደምትነሳ ታውቃለች። ነርሷ እዚህ አልነበረችም። የድሮ ጠባይዋን እንጂ የሰኞውን ለውጥ የማያውቅ አንድ ሰው ቀረ። እጅ ልማዱን አይተውም።»

«ጠፍታ እንዳትቀር ብዬ ነው» አለ ወንድምየው። «የእናታችን ድምፅ ውስጧ አለ።»

ልጅቷ ከተቀመጠችበት ተነሳች።

«ለሳጥኗ አዘንክላት» አለችው። «ለአባዬስ፣ ጋሼ?»

ፖሊሶቹ ለእሷ ያቆሙትን መኪና በር ለእሱ ከፈቱለት።