ውሃ የማይጠጣው ጣሳ

«እማዬ፣ ውሃ ያልጠጣ ተክል በምን ይለመልማል?»

እንዲህ ብላ የጠየቀችኝ ልጄ ናት።

የምጽፍላችሁ በራሴ ላይ የደረሰውን ነው። ፊደል የቆጠርኩት በቅርቡ ነው፤ ውሸት ለመጻፍ ገና አልደረስኩም።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነበር። ፀሐይ በልጄ መኝታ ክፍል መስኮት ትገባለች። ቤቱን ትቶልን የሞተው ባለቤቴ ነው። ታላቅ እህቱ፣ እትዬ፣ ከቀብሩ ማግስት ጀምረው አብረውን ይኖራሉ። ዓይናቸው ከቤቱ ላይ ተነቅሎ አያውቅም።

መስኮቱ ሥር ሦስት ጣሳ ባቄላ ተደርድሯል። የሳይንስ መምህሯ ያዘዛት ሙከራ ነው። ባቄላው ከበቀለ በኋላ አንዱ በየማለዳው አንድ ስኒ ውሃ ይጠጣል። ሁለተኛው ግማሽ ስኒ።

ሦስተኛው ምንም።

«አፈሩ አንድ፣ ፀሐዩ አንድ፣ ዘሩ አንድ» አለችኝ። «የሚለየው ውሃው ብቻ ነው። አንድ ነገር ብቻ ስትለውጪ ጥፋተኛውን ታገኚዋለሽ።»

ሦስተኛው ጣሳ ላይ «አይጠጣም» ብላ ጽፋለች። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት።

የለመለመው እሱ ነበር...

እትዬ በር ላይ ቆመው ሳቁ። «እናትም ተማሪ፣ ልጅም ተማሪ! ባቄላው እንኳ አልታዘዛችሁም።»

ተደብቀው የሚያጠጡት እሳቸው መሰሉኝ። ልጄ ትምህርት ቤት ስትውል ክፍሉን ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩ። ከቀናት በኋላ ከፍቼ ጣቴን አፈሩ ውስጥ ከተትኩ።

ዱቄት። ደረቅ ዱቄት።

ቅጠሉ ግን... ወዝ ያንጠባጥባል።

በዚያው ሰሞን የልጄ ከንፈር ተሰነጣጠቀ። ጆግ ሙሉ ትጠጣለች፤ መልሳ ትጠማለች። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት።

«ስኳርም የለባትም። ውሃ አጠጫት» አሉኝ።

ከልክያት ነው እንዴ!

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተኝታ ሳለ ገባሁ። የሁለቱ ጣሳዎች ባቄላ ወደ ፀሐይ አዘንብሏል። ሦስተኛው ለፀሐይ ጀርባውን ሰጥቶ...

ወደ ትራሷ።

ጣሳውን አዞርኩት። ውሃ ቀድቼ ስመለስ እንደገና ወደ እሷ ዞሯል።

«እማዬ...» አለች በሹክሹክታ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ስተኛ ይጠባኛል።»

ያኔ የራሷ ትምህርት ትዝ አለኝ። አንድ ነገር ብቻ ለውጪ።

አልጋው ያው፣ መስኮቱ ያው፣ ጣሳው ያው። እሷን ወደ እኔ አልጋ አሳለፍኩና በቦታዋ እኔ ተኛሁ።

ስነቃ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል። ትራሴ ላይ ከጣሳው የወጣ ቀጭን ሐረግ ተጋድሟል...

ልጄ ግን የሰጠኋትን ብርጭቆ ውሃ እንኳ አልጨረሰችም። «ጠጣሁ፣ በቃኝ» አለች።

ጣሳውን ይዤ ስወጣ እትዬ በሩን ዘጉ።

«ወዴት?»

«ልጥለው ነው፣ እትዬ። ልጄን እየጨረሰብኝ ነው።»

«ከወንድሜ ቤት ዕቃ አይወጣም! የሚወጣ ካለ አንቺ ነሽ።» ጣሳውን ነጠቁኝ። «ክፍሉንም ድሮም እፈልገው ነበር። ፀሐይ ያገኛል።»

«እባክዎ... እዚያ አይተኙ።»

«ምቀኛ!»

ቤት ይገኛል፤ ልጅ አይገኝም። እጇን ይዤ ወደ እህቴ ቤት ሄድኩ። ከንፈሯ ዳነ።

ከሳምንታት በኋላ ለቀሪው ልብሳችን ተመለስኩ። ባንኳኳ መልስ የለም። በመስኮቱ አየሁ።

ሦስቱም ጣሳዎች ለምልመዋል። ሦስቱም ለፀሐይ ጀርባቸውን ሰጥተዋል።

ከቅጠሉ ሥር የእትዬን የደረቀ ድምፅ ሰማሁ።

«ተማሪዋ... ውሃ...»

ጎረቤት ጠርቼ በሩን አሰበርኩ።

አልጋው ላይ የእትዬ ቀሚስ ብቻ ነበር፤ እጅጌው እንደተኛ ሰው ተዘርግቶ። ባዶው ጆግ አጠገቡ።

ቅጠሎቹ ቀስ ብለው... ወደ እኔ ዞሩ።

ከዚያ ቤት የወጣነው እኔና ልጄ ነን። እትዬ ቀሩ።