ማርሊስ የመረጠችው ሽጉጥ

ማርሊስ ወደ ተኩስ ሜዳው በመጣች በመጀመሪያው ቅዳሜ ከመኪናዋ መውረድ አቃታት። ሞተሩን አጥፍታ፣ መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ከቆርቆሮው አዳራሽ በኩል የሚመጣውን ተኩስ ታዳምጣለች። በእያንዳንዱ ተኩስ ትከሻዋ ይዘላል።

የከብት ሐኪም ረዳት ናት። የሚራገጥ ኮርማ አያስፈራትም። የሚያስፈራት ሮይስ ነው። በትዳር አብረው ኖረዋል፤ መንጋጋዋን ሰብሮ ሲታሰር ተፋታችው። የተፈረደበት ዕለት ወደ እሷ ዞሮ፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ፣ «መንገዱን አውቀዋለሁ» ብሏት ነበር። በዚያ ዓመት የካቲት ላይ ከእስር ተፈታ። የማርሊስ ቤት ደግሞ ከከተማው ራቅ ብሎ፣ በሰሜን ቴክሳስ ሜዳ ላይ፣ ከጥጥ እርሻና ከነፋስ በቀር ጎረቤት የሌለው ነው።

የመኪናዋ መስኮት ተንኳኳ። ከንፈሯን ነክሳ ጩኸቷን ዋጠችው።

«ሽጉጥ ልትገዢ ነው ወይስ መኪና ልታቆሚ?» አሏት አንድ ሽማግሌ። የሜዳው ባለቤት ኦቲስ ቴት ነበሩ። ፊቷን ሲያዩ ቀልዱን ተዉት። «ነይ ግቢ፣ የኔ ልጅ። ውስጥ ልጄ አለ። እሱ ከኔ ይሻላል፣ አይጮህም።»

ልጃቸው ኮርቢን ረጅም ነው፤ ፀሐይ ያከሰለው አንገትና ቀስ የሚሉ እጆች አሉት። ምን እንደምትፈልግ ጠየቃት። «ቤቴ ሆኜ የማልፈራበትን ነገር» አለችው። ትንሽ አያት፤ ከዚያ መነጽርና የጆሮ መከላከያ ሰጣትና ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሽጉጦች ደረደረላት።

ኦቲስ ትንሿን አነሱ። «ለሴት ይቺ ናት። ቦርሳ ውስጥ ትገባለች፤ መኖሯም አይታወቅ።»

«አባዬ፣ ይቺኑ ለአክስቴ ሸጠህላት እስካሁን አታናግርህም።»

«አክስትህ ድሮም አታናግረኝም ነበር።»

ማርሊስ ከመጣች ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። በትንሿ ተኮሰች። ሽጉጧ እጇ ውስጥ እንደ ድመት ዘለለች፤ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ያለውን ሥጋ አቃጠለችው።

«ትንሽ ስለሆነች የምትምር ትመስላለች» አለ ኮርቢን። «ክብደት ስለሌላት ግን ግፊቱን ሁሉ ለእጅሽ ነው የምትሰጠው።»

ሁለተኛው ትልቅና ጥቁር፣ ብዙ ጥይት የሚይዝ ካርታ ያለው ነው። እጇ ላይ ረጋ ብሎ ተቀመጠ፤ ተኩሱም ለሰለሰላት። ማቀባበሉ ግን ከበዳት። የእጅ አንጓዋ ሲላላ ደግሞ ቀለሁ ሳይወጣ ተቀርቅሮ ቀረ።

«እንዲህ ሲሆን ምን አደርጋለሁ?»

«ካርታውን ከታች መታ ታደርጊና እንደገና ታቀባብይዋለሽ።»

«እሱ ፊቴ ቆሞ?»

ኮርቢን ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ መለሰ። ዓይኗን አየ፤ እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። በዚያ እይታ ሁሉንም የነገረችው መሰላት።

ሦስተኛዋ ሪቮልቨር ነበረች። «ይቺ አሮጊት ናት» አላት። «ክብ ሆዷ ስድስት ጥይት ብቻ ይጎርሳል። ግን አትቀረቀርም። ቃታዋን ከሳብሽው ትተኩሳለች፣ በቃ። ቃታዋ ይከብዳል፤ መክበዱም ጥሩ ነው፣ ሐሳብሽን ለመቀየር ጊዜ ይሰጥሻል።» ከዚያ ከኋላ ያለችውን መዶሻ በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ ሳበ። «እንዲህ ካደረግሽ ግን ቃታዋ እንደ ፀጉር ይቀላል። ነካ ስታደርጊው ትተኩሳለች። ለኢላማ ያምራል። ቤት ውስጥ አታድርጊው።»

ማርሊስ ሪቮልቨሯን መረጠች።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ መጣች። ኮርቢን ሌሎቹንም ያስሞክራት ነበር፤ ረጅም አፈሙዝ ያለውን የውድድር ሽጉጥ፣ ድምፁ እንደ ጭብጨባ የሆነውን ትንሽ ጥይት ተኳሽ። እንድትመጣ ምክንያት እየፈለገላት እንደሆነ ኦቲስ ገብቷቸዋል። «ይቺ ልጅ ሱቄን ሁሉ ተኩሳ ልትጨርስ ነው» ይላሉ።

ልምምዱ ሲያበቃ ማርሊስና ኮርቢን የፒክአፕ መኪናውን ኋላ ከፍተው እግራቸውን አንጠልጥለው ይቀመጣሉ። ቋሊማ በዳቦ ይበላሉ፤ በረዶ የገባበት ሻይ ይጠጣሉ። አንድ ቀን ነፋሱ ፀጉሯን ፊቷ ላይ በተነው። ኮርቢን ሊመልስላት እጁን ዘረጋ፤ እሷ ግን ክፉኛ ሸሸች። እጁ አየር ላይ ቀረ።

«የሸሸሁት አንተን አይደለም» አለችው።

«አውቃለሁ። ቀድሜ ብነግርሽ ይሻላል?»

«ምን?»

«ፀጉርሽን ልነካው ነው።»

ሳቀች፤ ሳቋም መሃል ላይ ወደ እንባ ዞረ። ኮርቢን እየነገራት፣ ቀስ ብሎ፣ ፀጉሯን ከጆሮዋ ኋላ አደረገላት።

በሚያዝያ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ የአቧራው ማዕበል መጣ። ሰማዩ ቀላ፤ የማርሊስ ግቢ ከአጥሩ ወዲህ ጠፋ። ማዕበሉ ከመድረሱ በፊት አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ደውላ፣ «የሮይስ መኪና ነዳጅ ማደያው ጋ ታይቷል ይላሉ» ብላት ነበር። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ።

ኮርቢንም ወሬውን ሰምቷል። ደጋግሞ ደወለ፤ አልገባለትም። መኪናውን አስነስቶ፣ ፊቱን በሻርፕ ጠቅልሎ፣ የመንገዱን ዳር መስመር እያየ ነዳ። ማርሊስ ቤት ደርሶ የፊት ለፊቱን በር ደበደበ። ከነፋሱ ድብደባ የሚለይ ግን አልነበረም። ግድግዳውን ተደግፎ ወደ ኩሽናው በር ዞረ።

ማርሊስ ኩሽና ውስጥ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፤ ጀርባዋን ምድጃው ላይ አስደግፋ ሪቮልቨሯን በእጇ ይዛለች። ከመስታወቱ ውጭ ፊት የሌለው ሰው አለፈ። ረጅም ነው። ሮይስም ረጅም ነው።

«ማነው?» አለች።

ውጭ ያለው ሰው የሆነ ነገር ጮኸ። ነፋሱ ቃሉን ወስዶ የወንድ ድምፅ መሆኑን ብቻ አስቀረላት። የበሩ እጀታ ዞረ።

አውራ ጣቷ ሳታዘው የሽጉጧን መዶሻ ወደ ኋላ ሳበ። መተኮስ አስባ እንደሆን እስከ ዛሬ አታውቅም። ሽጉጧ ጮኸች፤ በሩ ላይ ቀዳዳ ታየ፤ በቀዳዳው አቧራ እንደ ክር ገባ።

«ማርሊስ» አለ ድምፁ፣ አሁን ከመሬት። «እኔ ነኝ። እኔ ነኝ።»

በሩን ስትከፍት ኮርቢን ደረጃው ላይ ወድቋል። ጥይቱ የላይኛውን ክንዱን በስቶት አልፏል። ሻርፑን አውልቃ ክንዱን ጠፍራ አሰረችው።  ወደ ሆስፒታል ስትነዳ «አትተኛ፣ አውራኝ» ትለው ነበር፤ እሱም «ምን ላውራሽ፣ ኢላማሽ ተሻሽሏል» አላት። ከዚያ ዝም አለ። በሕይወቷ እንደዚያ ዝምታ የፈራችው ነገር የለም።

ተረፈ። መርማሪው ፖሊስ ሲጠይቀው «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሳልጠራ የሰው በር ከፈትኩ» አለ። ማደያው ጋ የታየውም መኪና የሌላ ሰው ነበር። ሮይስ በሉዊዚያና የባሕር ጠረፍ ጀልባ ላይ ሥራ ይዞ፣ ከተፈታ ጀምሮ ከዚያ ንቅንቅ አላለም።

ኦቲስ በሆስፒታሉ ኮሪደር ማርሊስን ለብቻዋ አነጋገሯት። «ሽጉጡን የሸጥኩልሽ እኔ ነኝ፤ እሱን እኔው ከራሴ ጋር እታገለዋለሁ። ግን ያለኝ ልጅ እሱ ብቻ ነው። ከእንግዲህ አጠገቡ እንዳላይሽ።»

እሺ አለች። ሪቮልቨሯን ፖሊስ ጣቢያ አስረክባ አልተመለሰችላትም። ኮርቢን ሲደውል አላነሳችም፤ «እጄ እየዳነ ነው» ብሎ ሲጽፍላት ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠች። ድሮ የምትፈራው ሰው መንገድ ላይ ነበር። አሁን የምትፈራት ሴት ራሷ ናት፤ አብራት ትበላለች፣ አብራት ትተኛለች።

ሰኔ ከገባ በኋላ አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እግሯ ወደ ኦቲስ ቤት ወሰዳት። በረንዳው ሥር ስትደርስ ቆመች። ኦቲስ ወንበራቸው ላይ ነበሩ።

«ቢያባርሩኝ ይችላሉ» አለቻቸው።

«እችላለሁ።» ባርኔጣቸውን አወለቁ። «አልመጣም ያልሽው እኔ ስለከለከልኩሽ ነው?»

«እርስዎም ከልክለውኛል። እኔም ራሴን ከልክያለሁ።»

«ፊት እንዳትገድይው ነበር የምፈራ» አሉ ሽማግሌው። «ልጁ ግን ምግብ አይበላም፣ አይስቅም። አሁን የምፈራውን አላውቀውም።»

ኮርቢን ድምፅ ሰምቶ ወጣ። ባለ ወንፊት ሽቦው የበረንዳ በር ከኋላው ጧ ብሎ ተዘጋ። ሁለቱም፣ እሱ እዚያ፣ እሷ እዚህ፣ እኩል ደንግጠው ዘለሉ። ተያዩ።

«በር ያስፈራኛል» አላት። «የሰው ቤት ሳንኳኳ ላብ ያጠምቀኛል። ለአባቴ እንኳ አልነገርኩትም።»

«አሁን ነገርከኝ» አሉ ኦቲስ።

«እኔንስ አትፈራኝም?» አለች ማርሊስ።

ኮርቢን አንድ ደረጃ ወረደ። «እፈራሻለሁ» አለ። «የስልክሽን ዝምታ ግን የበለጠ ፈራሁት።»

እጇን ልትዘረጋ ፈለገች፤ አቃታት። «ክንድህን ልነካው ነው» አለችው። ራሱን ነቀነቀ። ጠባሳው ላይ መዳፏን አሳረፈች። ኦቲስ ተነስተው፣ ምሳው እንደሚቀዘቅዝ እያጉረመረሙ ወደ ውስጥ ገቡ፤ በሩንም በእጃቸው ይዘው ቀስ ብለው ዘጉት።

የጥጡ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ተጋቡ። ኦቲስ በሠርጉ ላይ አጭር ንግግር አደረጉ፤ ግማሹን ለቅሶ በላባቸው።

ነፋስ በሚበረታበት ቀን ኮርቢን ከክፍል ክፍል ሲያልፍ ድምፁን ያሰማል። «ኩሽና ነኝ» ይላል። «በረንዳ ላይ ነኝ።» ማርሊስ ካለችበት ሆና «ሰማሁህ» ትለዋለች።

አንድ ከቀትር በኋላ ግን ረሳው። አቧራ ለብሶ ዝም ብሎ ገባ። እሷ አንሶላ እያጠፈች፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ነበር። ኮርቢን መርሳቱ ትዝ ሲለው ባለበት ደርቆ ቆመ።

ማርሊስ አልዞረችም። አንሶላውን ማጠፏንም አላቆመችም።

«አንተ ነህ» አለችው። እየጠየቀችው አልነበረም።