የዘወትር ቀሚስ

«መቀነታቸውን ከወገብ በላይ ነው የሚታጠቁት ወይስ ዝቅ አድርገው?»

አለበል ቡሬ ገበያ ዳር ካለች ጠባብ የልብስ ስፌት ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ቦርሳውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። ከበሩ ሥር አንዲት እናት ተቀምጠው ዛላ በርበሬ ይቀነጥሳሉ። ሽታው ጉሮሮው ገብቶ እንዳያስነጥሰው ይታገላል። ሰፊዋ ልጅ እጇን ከመኪናው መዘውር ሳታነሳ ትጠብቀዋለች።

«እንደማንኛውም እናት ነው የሚለብሱት» አለ በመጨረሻ።

«እንደማንኛውም እናት የምትለብስ እናት እስካሁን አልገጠመችኝም። ከየት ናቸው?»

«ከጅጋ።»

«እሺ፤ እጅጌው እስከ ክርን ነው እስከ አንጓ? ጫፉስ እግራቸውን ይሸፍናል? ጨርቁ አበባ አለበት?»

አስነጠሰው።

«ይማርህ ልጄ» አሉ በርበሬ የሚቀነጥሱት እናት። «ተይው እንጂ ያምሮት፤ ልጁን እኮ ፍርድ ቤት አቆምሽው።»

ያምሮት ሳቀችና ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት። መጀመሪያ ዓይኑን የሰበረው እሱ ነበር።

«ሄደህ አይተሃቸው ና» አለችው። «ሳላውቃቸው አልሰፋም።»

ቀሚሱ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችውም፤ መጠየቅም አያስፈልጋትም። በነሱ አካባቢ አንድ ወጣት ለሌላ ሰው እናት የዘወትር ቀሚስ የሚያሰፋው ልጇን ሲያስጠይቅ ነው። የበዓል ጥበብ አይሆንም፤ ጥበብ ሳጥን ውስጥ ይከርማል። የሚወሰደው ከእናት ጋር ገበያ የሚወጣ፣ ጭስ የሚጠጣ፣ ጭቃ የሚረግጥ ቀሚስ ነው። ልጁ ራሱ አስቦበት ማሰፋት አለበት። እናትየዋ ለብሳው ገበያ ከወጣች ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ካልለበሰችውም እንዲሁ።

የአለበል አባት ባዬ ከሽንዲ ተነስተው ጅጋ ድረስ ሄደው ልጅ የመረጡለት፣ እሱ ፍኖተ ሰላም በእንስሳት ጤና ባለሙያነት ሥራ እንደያዘ ነበር። ልጅቷ ትርንጎ ትባላለች። ሰው ሠርግ ላይ አንድ ጊዜ ከሩቅ አይቷታል። ጥሩ ልጅ ናት፣ የጥሩ ሰው ልጅ ናት አሉት፤ «እናንተ እንዳላችሁ» አለ። ያኔ ይህን ማለት ቀላል ነበር። ልቡ የትም አልነበረም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ዓይኑ ዕረፍት አጣ። ፍኖተ ሰላም ላይ ላም ሊመረምር በገባበት ግቢ ሁሉ የባለቤቲቱን ቀሚስ ያያል። የከተማዋ እናቶች የቤት ቀሚስ ላይ ሹራብ ይደርባሉ፤ ነጠላ የሚያነሱት ከግቢ ሲወጡ ነው። ከቆላው በኩል የሚመጡት ስስና ፈዘዝ ያለ ለብሰው፣ የቀሚሱን ጫፍ በመቀነት ሰብሰብ አድርገው ፈጠን ብለው ይራመዳሉ። ይህን ሁሉ ዕድሜውን ሲያየው ኖሯል፤ አንድም ቀን ልብ አላለውም። ሽንዲ ወዳለችው እናቱ ደውሎ መቀነቷን በየት በኩል እንደምትቋጥር ቢጠይቃት፣ «ታመምህ እንዴ?» አለችው።

አንድ የገበያ ቀን ለሥራ ጅጋ ሄደ። የትርንጎን እናት እትዬ አደይን በጣት አሳዩት። ጃንጥላ ሥር ቆመው ከአንድ ነጋዴ ጋር ይከራከራሉ። ሊያስተውላቸው ሞከረ፤ ወዲያው ግን ያምሮት እዚህ ብትሆን ምን ትል ነበር ብሎ ማሰብ ጀመረ፤ የሳቋ ድምፅ፣ መዘውሩ ላይ ያረፈው እጇ መጣበት። ቀና ሲል ሴትዮዋ ሄደዋል። አይቻቸዋለሁ ብሎ ተመለሰ።

ቡሬ ግን ቶሎ ቶሎ መሄድ አበዛ። አንድ ቀን የጨርቅ ዋጋ ለመጠየቅ፣ አንድ ቀን ዝናብ ለመጠለል፣ አንድ ቀን ያለምንም ምክንያት። በገበያ ቀን ሱቁ በር ላይ ቆመው ከየመንገዱ የሚገቡትን እናቶች እያዩ ከየት እንደመጡ መገመት ጨዋታቸው ሆነ። የሽንዲን በኩል እሱ ይረታል፤ የደጋውን እሷ። አንድ ጊዜ ሁለቱም በእርግጠኝነት የተወራረዱባቸው ሴት ከዚያው ከቡሬ፣ ከሱቁ ጀርባ ካለው ቤት ሆነው ተገኙ። ያምሮት እስክታለቅስ ሳቀች።

«ቀሚስ አይቶ ሰው የሚያገባ ዛሬ ገና አየሁ» አሉ የያምሮት እናት ከበርበሬያቸው ሳይነሱ። ስማቸው እማዋይሽ ነው።

እማዋይሽ የሰከላ ደጋ ሰው ናቸው። ቡሬ ተድረው ሲመጡ አማታቸው የቡሬ ቀሚስ አሰፍተው ሰጥተዋቸው ነበር። አንድ ቀን ውለውበት አወለቁት። «ሲነፍስ ራቁቴን የሆንሁ መሰለኝ» ብለው ወደ ደጋ ቀሚሳቸው ተመለሱ፤ ባላቸው ከሞቱም በኋላ፣ ልጃቸው ስፌት ከተማረችም በኋላ አልቀየሩትም። የገበያው ሴቶች «ደገኛዋ» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። እሳቸውም «ደገኛ ባትኖር የቡሬን በርበሬ ማን ይጨርስላችሁ ነበር?» ይላሉ።

ሽማግሌዎቹ ጅጋ የሚገቡበት ቀን ተቆረጠ። ባዬ ደውለው ቀሚሱ የት ደረሰ ብለው ተቆጡ። አለበል ቡሬ ሲደርስ እማዋይሽ ለቅሶ ሄደው፣ የሚቀመጡበት ደጃፍ ባዶ ነበር።

«በል ንገረኝ» አለች ያምሮት። ዛሬ አልሳቀችም።

ዓይኑን ጨፈነ።

«አረንጓዴ አቡጀዲ ነው፤ ወደ ጥቁር የሚያደላ አረንጓዴ። እጅጌው እስከ አንጓ ይወርዳል፤ ሥራ ሲይዙ ግን የቀኙን ብቻ ይሰበስቡታል። መቀነቱ ሰፊ ነው፤ ከጡታቸው ሥር ጀምሮ ይጠመጠማል፤ ጫፉን በግራ ይሸጉጡታል። በቀኝ በኩል ቁልፍ ቋጥረውበት ያብጣል፤ ቁልፉን በፈለጉ ቁጥር መቀነቱን ሁሉ ይፈቱታል። የቀሚሱ ጫፍ አጠር ይላል፣ ጭቃ እንዳይነካው።»

ዓይኑን ሲገልጥ ያምሮት ባዶውን ደጃፍ ታያለች።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ጨፍኜም ይታዩኛል።»

መቀሱን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው። አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች።

«እሺ» ብቻ አለች።

ቀሚሱን ሊወስድ በመጣ ቀን ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ያምሮት አጥፋ በፌስታል ሰጠችው። ሁለቱም ፌስታሉን እንደያዙ ቆሙ።

«ባልወስደውስ?» አላት።

«ሽማግሌ ቀን ቆርጧል አላልኸኝም?»

«ብያለሁ።»

«እንግዲያው እኔን አትጠይቀኝ። እኔ ሰፊ ነኝ፤ ያልኸኝን ሰፍቻለሁ።»

ይህን ስትል ዓይኗን አላነሳችም። አለበል ቀና ብትል ይናገር ነበር። ቀና አላለችም፤ አልተናገረም። ፌስታሉን ለቀቀችለት።

ወደ ጅጋ በሄደው መኪና ውስጥ አለበል አንዴ መስኮቱን ከፈተ፣ አንዴ ዘጋ። አባቱና ሁለቱ ሽማግሌዎች ስለ ዘንድሮ ጤፍ ያወራሉ። ጭኑ ላይ ያለው ቀሚስ እንደ ሕፃን ከበደው። ፍኖተ ሰላም ሲደርሱ ልውረድ ይሆን አለ፤ መኪናው ፍኖተ ሰላምን አለፈ።

እትዬ አደይ እንግዶቻቸውን በወግ ተቀበሉ። ምርቃቱ ካለቀ በኋላ ቀሚሱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ገለጡት። እሳቸው የለበሱት አበባ ያለበት ቴትሮን ነው፤ እጅጌው እስከ ክርን፣ ቀጭኗ መቀነት ከዳሌያቸው ላይ ላላ ብላ የተቋጠረች። የአዲሱን ቀሚስ እጅጌ ዳበሱ። ጫፉን አዩ። ከቀኝ በኩል ስፌቱ ውስጥ እጃቸው ገባ፤ ድብቅ ኪስ ነበረው። ባዬ በእፍረት አቀረቀሩ።

«ልጄ» አሉ አደይ ወደ አለበል ዞረው፣ «የከብት ሐኪም ነህ አሉኝ። ጥጃዬ አልጠባ ብሎኛል፤ እስኪ እየው።»

ጓሮ ሲደርሱ ጥጃው ጅራቱን ሰቅሎ ይቦርቃል።

«ጥጃው ደኅና ነው» አሉ። «ሽማግሌ ፊት እንዳላዋርድህ ብዬ ነው። ይህን ቀሚስ እጀ መልካም ሰው ሰፍቶታል። ግን የደጋ እናት ቀሚስ ነው። እኔ መቀነቴን ከዳሌዬ ከፍ አድርጌ አስሬ አላውቅም። ኪሱም የቁልፍ ነው፤ በኔ ቤት ቁልፍ የምትይዘው ትርንጎ ናት። የማን እናት ናቸው?»

ለአለበል ያኔ ታየው። የተሰበሰበው የቀኝ እጅጌ፣ ከሥሩ የበርበሬ ዛላ፣ ቁልፍ ፍለጋ የሚፈታው መቀነት። ፊቱ ጋለ።

«የ… የሰፊዋ እናት ናቸው።»

«አላወቅህም ነበር?»

«አሁን ገና ነው ያወቅሁት።»

ትርንጎ የውሃ ማሰሮ ይዛ ከጓዳው በር ላይ ቆማለች፤ መቼ እንደመጣች አላየም። ሁሉንም ሰምታለች።

«እኔም ‹እናንተ እንዳላችሁ› ነበር ያልሁት» አለች። ድምፅዋ ተሰብሯል፤ ያም ሆኖ ከከበደ ነገር እንደተላቀቀ ሰው ተነፈሰች። ማሰሮዋን ይዛ ገባች።

አለበል ይቅርታ ሊጠይቅ ጀመረ። አደይ በእጃቸው ገቱት።

«ነገ ገበያው ‹ልጅቷ ምን ተገኘባት?› ይላል። ያን እኔ እሸከመዋለሁ። የኔን ልጅ አሳዝነህ ስታበቃ፣ ያችኛዋንም ፈርተህ ከቀረህ ግን አልምርህም።»

ወደ ቤት ተመልሰው ቀሚሱን እንደነበረ አጥፈው በሽማግሌዎቹ ፊት አኖሩት። «እግዜር ይስጥልኝ፤ ልኬ አይደለም። ለባለልኳ አድርሱላት» አሉ። የጎጃም ሽማግሌ ሁለተኛ አይነገረውም። ተነሱ።

ባዬ ቡሬ መናኸሪያ ሲደርሱ «እኔ ሽንዲ እወርዳለሁ» አሉ። «አንተ የምትወርድበትን ታውቃለህ።»

ሱቁ ክፍት ነበር። እማዋይሽ ከቦታቸው አሉ፤ የቀኝ እጅጌያቸው ተሰብስቧል። አለበል አያቸውና ቶሎ አለፋቸው። ቀሚሱን መኪናው ላይ አኖረው።

ያምሮት ገረጣች። «አልሆነም?»

«ልኬ አይደለም አሉ።»

«ላስተካክለው?»

«የሚስተካከል ነገር የለውም። የት እንዳየሁት አላወቅሁም ነበር፣ ያምሮት። ሳወራ አንቺ አውቀሽ ነበር?»

ጨርቁን በጣቷ አሸች፣ አሸች።

«መቀነቱ በግራ ይሸጎጣል ስትል አወቅሁ» አለች። «ልነግርህ ነበር። ከነገርሁህ ሌላ ትሰፊልኛለሽ ብለህ፣ የጅጋዋን እናት አስተውለህ ትመጣለህ ብዬ ፈራሁ። እያወቅሁ ነው የሰፋሁት። ኪሱን አንተ አላልኸኝም፤ እኔ ነኝ የጨመርሁት።»

አለበል እጇን ሊይዝ ፈለገ። ደጃፉ ላይ የበርበሬው ቅንጠሳ ቆሞ ነበር።

«በእጅ የመጣ ቀሚስ አልለብስም» አሉ እማዋይሽ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «መንገድ አለው።»

መንገዱ ረጅም ሆነ። ባዬ ጅጋ ላይ የደረሰባቸውን እፍረት እስከ አጨዳ ድረስ ተሸከሙት፤ ሽማግሌ የሚለው ቃል ሲነሳ ከቤት ይወጣሉ። ቀሚሱ ሽንዲ፣ የአለበል እናት ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ። እሷ ግን አውጥታ እያየች የስፌቱን ጥቅጥቅነት ለጎረቤት ሁሉ ታሳይ ጀመር፤ ባዬን ያሸነፋቸው ይህ ይሁን ሌላ፣ ማንም አልነገረውም። እህል ጎተራ ከገባ በኋላ ሽማግሌ ይዘው ቡሬ ገቡ። እማዋይሽ ቀሚሱን ተቀበሉ፤ እሺም እንቢም አላሉም። «ገበያው ይነግራችኋል» አሉ።

በተከታዩ የገበያ ቀን አለበል ከፍኖተ ሰላም በመጀመሪያው መኪና ተነሳ። መኪናው ቡሬ ሲገባ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። እናቶች ከየአቅጣጫው ይጎርፋሉ፤ አበባ ቴትሮን፣ የቆላ ስስ፣ ሹራብ የተደረበበት። አረንጓዴ አቡጀዲ አየና ልቡ ዘለለ፤ ሌላ ደገኛ ነበረች። ሁለተኛም አየ፤ እማዋይሽ አልነበሩም። ወርዶ ሰው እየገፋ ሄደ።

እማዋይሽ ከተዘጋው ሱቅ ፊት በርበሬያቸውን እየዘረጉ ነበር። አረንጓዴ ለብሰዋል። አሮጌው ይሁን አዲሱ፣ ከኋላ አልለይለት አለ። ያምሮት ከጎናቸው ቆማለች፤ አይታዋለች፤ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ሌላ ታያለች።

እማዋይሽ ዞሩ።

«ምን ትገተራለህ? ቀሚስ አይተህ አታውቅም?»

መቀነታቸውን አልፈቱም። እጃቸውን በቀኝ በኩል ስፌቱ ውስጥ ሰደዱና ቁልፍ አወጡ፤ ዘረጉለት።

«በል፣ ሱቁን ክፈትላት።»