ድልድዩ ላይ የነበረው ሰው

ማመን አለማመን የእናንተ ነው... ጂንካ ውስጥ ግን ሆኗል። ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቢሮው ሁሉ ለምሳ በወጣበት። ፋይሉ እስካሁን አለ፤ ሊከፍተው የሚደፍር ግን የለም።

ሔርሜላ በኮምፒውተር ድልድይ ትነድፋለች። ያን ጊዜ የያዘችው ወደ ሃና ከተማ በሚወስደው መንገድ የሚሠራ የእግረኛ ድልድይ ነበር።

ፕሮግራሙ ገደብ ይቀበላል። "ይህ ከዚህ በታች እንዳይወርድ" ብላችሁ ካሰራችሁት፣ ሌላውን ስትነኩ እሱ ራሱ እያስተካከለ ገደቡን ይጠብቃል። ሲያቅተው ቀይ ይሆናል።

ገደቡን ያሰረው ቀያሹ ቶላ ነው። ጎርፉ የደረሰበትን ከፍታ ወንዙ ዳር ባለው ሾላ ላይ በቀለም ምልክት አደረገ፤ ሾላውንና ምልክቱን ሞዴሉ ውስጥ አስገብቶ የድልድዩን ወለል ከምልክቱ በላይ አሰረ። ከዚያ ለመጠን ማሳያ አንድ የሰው ምስል ወለሉ ላይ አቆመ... በራሱ ቁመት፣ በራሱ ባርኔጣ። እሱንም ከምልክቱ በላይ አሰረው።

"እኔስ ለምን ልስጠም?" ብሎ አሳቃት።

በሚቀጥለው ዝናብ ያው ወንዝ ወሰደው። አስከሬኑ አልተገኘም።

አለቃው ኢንጂነር ጸጋዬ ለሐዘን ጊዜ አልነበረውም። ወለሉን ከፍ አድርገው የሚይዙት ረጃጅም ብረቶች ዘግይተዋል፣ የምረቃው ቀን ተቆርጧል።

"ወለሉን አውርጂው።"

"ቀይ ይሆናል፣ ኢንጂነር።"

"ቀይ ሲሆን ምን እንደምናደርግ ጠፍቶሽ ነው?"

አልጠፋትም። እዚያ ቢሮ ቀይ ሲመጣ ገደቡ ይሰረዛል፣ ይታተማል፣ ይፈረማል። የወለሉን ገደብ ሰረዘችና ወለሉን አወረደችው። የሰውየውን ግን ረሳችው።

ወለሉ ከሥሩ ሲወርድ ምስሉ አየር ላይ ተንጠልጥሎ መቅረት ነበረበት።

የለም...

ወንዙ ዳር፣ ከሾላው ጀርባ ባለው ከፍታ ላይ ቆሟል። ጀርባውን ሰጥቷታል።

"ኢንጂነር..." አለች በሹክሹክታ። "ይሄን ሰው እርስዎ ነክተውታል?"

"የምን ሰው?"

"የቶላን።"

ጸጋዬ ስክሪኑን አየ።

"ቀይ አለው?"

"የለውም።"

"እንግዲያው ፈርሚ።"

ፈረመች። ሥራ ፈላጊው በር ላይ ተሰልፎ እምቢ ማለት ለሰሚ ብቻ ነው የሚቀለው። እሷን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የፈረመው እጇ አስጠላት።

የምረቃው ቀን፣ ከመሄዳቸው በፊት፣ በዚያ ባዶ የምሳ ሰዓት፣ ፋይሉን ከፈተችው።

ሰውየው አሁን ፊቱን ወደ እሷ አዙሯል። መዳፉን ዘርግቶ "ቁሙ" እንደሚል ሰው ቆሟል።

ከድልድዩ በታች፣ ውሃው ውስጥ፣ ማንም ያልሣላቸው ሰዎች ነበሩ። ሸክም ያዘሉ ሴቶች... ሕፃናት...

አንዷ ቦርሳ አንግታለች። ማንገቻው ተበጥሶ የተቋጠረ ነው።

የሔርሜላም ቦርሳ እንደዚያው ነው።

ሴትዮዋን በማውሱ ወደ ላይ ጎተተቻት። አልተነቃነቀችም። ታስራለች። ገደቡን ከፈተችና አነበበችው...

"ከምልክቱ በታች።"

ልትሰርዘው ሞከረች። አልሰረዝ አለ። ሞዴሉ ላይ አንድም ቀይ የለም።

ውጪ መኪናው ክላክስ አደረገ።

"ሔርሜላ፣ ነይ እንጂ" አለ ጸጋዬ። "የመጀመሪያዎቹ ተሻጋሪዎች እኛ ነን።"

ከጠዋት ጀምሮ ወንበሩ ላይ የተንጠለጠለውን ቦርሳዋን አነሳች።

ከሥሩ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር።