የአንለይ መቀናጆ

በሩን ግፉትና ጠጋ ጠጋ በሉ። ውሻው ዝም ማለቱን ልብ ብላችኋል? ያም ሌሊት እንዲህ ያለ ሌሊት ነበር። ጨረቃ የለችም። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤ ወንዙ ሞልቶ ያጉረመርማል። ከገበያ ወደ መንደር የሚያመጣው ዋናው መንገድ በጎርፍ ተዘግቷል። የቀረችው በእርሻው መሀል የምታልፈው ቀጭን መንገድ ናት። በዚያች መንገድ አንድ ሰው በበቅሎ ብቻውን ይመጣል። ማን ነው? ጓንጉል ነው።

በዚያ ዘመን ጓንጉልን የማያውቅ አልነበረም። ጎተራው ሞልቶ ይፈስ ነበር። ከደጁ ቆሞ ዓይኑ እስኪደክም ቢያይ የሚያየው ሁሉ የራሱ መሬት ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ አባቱ አወረሰው? አላወረሰውም። ገዛው? አልገዛውም። ጓንጉል ድንበር ገፊ ነበር። በየክረምቱ ሌሊት ይነሳና ከጎረቤቶቹ ማሳ አንድ አንድ ትልም ቆርሶ ያርሳል፣ የድንበሩን ድንጋይ ያሻግራል፣ ጠዋት ደግሞ እንደ ሰው ሁሉ "እንደምን አደራችሁ" ይላል። አንድ ትልም ምን አላት ትላላችሁ? ዘንድሮ አንድ ትልም፣ ለከርሞ አንድ ትልም፣ ደግሞ አንድ ትልም። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ነው የኖረው።

ከጎረቤቶቹ አንዱ አንለይ ይባላል። ድሃ ነው፤ ያለው አንድ በሬ ነው። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ስለዚህ እንደሱ አንድ በሬ ካለው ሰው ጋር ይቀናጅ ነበር፤ ሁለቱን በሬ አንድ ላይ ጠምደው፣ ዛሬ ያንተን ነገ የኔን እያሉ ያርሳሉ። አንለይ ድንበሩ መገፋቱን ቢያይ ሽማግሌ ሰበሰበ። ጓንጉል ግን ቀድሞ በግ አርዶ ሽማግሌዎቹን አብልቷቸው ነበር። "ድንበሩ ድሮም እዚሁ ነው" አሉ። ጓንጉል በዚህም አልበቃው፤ እንዴት አቤት ይልብኛል ብሎ ቂም ያዘ። ሰኔ ሲገባ የአንለይን መቀናጆ አስጠራው።

"ሁለተኛ በሬ እኔ እሰጥሃለሁ። ከሱ ጋር መቀናጀትህን ተው" አለው።

ሰውዬው ተወ።

አንለይ ምን ያድርግ? ዝናቡ አይጠብቀው። ሚስቱ ውድነሽ እርፉን ያዘች። እሱ ቀንበሩን በአንድ ወገን በገዛ ጫንቃው ተሸከመ፤ በሌላው ወገን በሬው። እንዲህ ሆነው አረሱ። ጓንጉል ከደጁ ቆሞ ያያቸው ነበር። ሳቀም ይባላል። ሰውና በሬ እኩል አይጎትቱም። አንለይ ደም ተፋ፣ እዚያው ትልሙ ላይ ወደቀ፣ ሞተ።

ከዚያማ ጓንጉል መሬቱን ጠቅልሎ አረሰው። ውድነሽ ልጆቿን ይዛ የት ትሂድ? እሱው ቤት ፈጪ ሆና ገባች። በመሬቷ የበቀለውን እህል ለሱ ትፈጫለች፤ ማታ በእርሻው ዳር ባለች ጎጆ ትተኛለች። ሰዉ ጓንጉልን "እግዜር የባረከው" ይለው ነበር።

እንግዲህ በዚያች ሌሊት፣ እርሻው መሀል ሲደርስ፣ በቅሎዋ ቆመች። ኮረኮራት፤ አልሄድ አለች። ጓንጉል ጆሮውን ጣል አደረገ። ጅራፍ ጮኸ። በዚህ ጨለማ ጅራፍ የሚያጮኸው ማን ነው? ደግሞ ጮኸ። ቀጥሎ አዲስ የተገለበጠ አፈር ሸተተው። ጓንጉል ፈራ? አልፈራም፤ ተናደደ። የሌሊት እርሻ ምን ማለት እንደሆነ ከሱ በላይ ማን ያውቃል?

"አንተ፣ የማንን መሬት እንደምታርስ ታውቃለህ?" አለ።

"አውቃለሁ" አለው ከጨለማው ውስጥ ድምፅ።

"የማን ሰው ነህ?"

"ጎረቤት ነኝ።"

ቀረብ አለ። መጀመሪያ በሬ አየ። አንድ በሬ። ቀንበሩ በሬው ጫንቃ ላይ ተጋድሟል፤ በሌላው ወገን ማንም የለም። ማንም የለም፣ ቀንበሩ ግን አልወደቀም፣ አልዘመመም፤ ቀጥ ብሎ አየር ላይ ቆሟል። በሬው ይተነፍሳል? አይተነፍስም። እርፉን የያዘው ሰው አቀርቅሯል። ቀና ሲል ከአፉ እስከ ደረቱ ደም ነው።

"አያ ጓንጉል፣" አለ አንለይ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ድሮው። "መቀናጆ አጥቼ ነው። በዚህ ወገን ግባልኝ።"

በቅሎዋ ጥላው ነጎደች። ጓንጉል ሊሮጥ ሲል እግሩ አፈሩ ውስጥ ሰጠመ። ጫንቃው ላይ እንጨት አረፈ። ከባድ፣ ቀዝቃዛ እንጨት። ከዚያ ጅራፉ።

የውድነሽ ጎጆ ቅርብ ነበረች። "ውድነሽ፣ ድረሽልኝ" ሊል አፉን ከፈተ። ከአፉ ምን ወጣ? አጓራ። እንደ በሬ አጓራ።

የጎጆዋ በር ተከፈተ። ውድነሽ ኩራዝ ይዛ ብቅ አለች። ጓንጉል አያት፤ እሷም አየችው። የባሏንም ድምፅ ሰማች፤ ያን ድምፅ እንዴት ትረሳዋለች?

"በርታ፣ አንለይ" አለች። ኩራዙን እፍ ብላ በሩን ዘጋች።

ጠዋት የጓንጉል ልጆች አባታቸውን ትልም ውስጥ አገኙት። ጫንቃው እንደ እርሻ በሬ ተልጧል። የአንለይ መሬት እስከ ድሮው ድንበር ድረስ ታርሶ አድሯል። ጓንጉል አልሞተም፤ ግን ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣውም። ሲመሽ በጠፍር ያስሩታል። ጠፍሩ ሳይበጠስ፣ ቋጠሮው ሳይፈታ፣ ንጋት ላይ እርሻ ውስጥ ይገኛል። የሌሎቹም ጎረቤቶች መሬት እንዲሁ ሌሊት ሌሊት እየታረሰ ወደ ድንበሩ ተመለሰ።

በመጨረሻ ልጆቹ ሄደው ውድነሽ እግር ላይ ወደቁ።

"እትዬ ውድነሽ፣ የእርስዎ መሬት ተመልሷል፣ የሰውም ሁሉ ተመልሷል። እባክዎ ባልዎን ይለምኑልን። ይበቃል ይበሉልን።"

ውድነሽ ገብስ ታበጥር ነበር። ቀና አላለችም።

"መሬቱስ ተመልሷል" አለች። "ሰውዬውንስ ማን ይመልስልኛል?"

ጓንጉል ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ። እንግዲህ አረፈ ብለው ቀበሩት። የተቀበረ ዕለት ማታ፣ ሰዉ ከለቅሶው ቤት ሳይበተን፣ ከእርሻው ጅራፍ ጮኸ፤ ተከትሎ በሬ አጓራ። ለቀስተኛው ሁሉ ሰማ። ልጆቹም ሰሙ፤ ማን እንደሚያጓራ ያውቃሉ።

በሉ ተነሱ። ብቻውን የሚሄድ እንዳይኖር፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። ጅራፍ ብትሰሙ አትቁሙ። ከመሀላችሁ የሰው ትልም ማሳው ውስጥ ያለበት ካለ ግን፣ እሱ እዚሁ ይደር።