ከቀዩ ብሎክ ላይ ሲታይ

አናጢው መነጽሩን የሰበረው ራሱ ተቀምጦበት ነው። ሌላው ሰው ቢሆን ያፍር ነበር፤ እሱ ግን ስብርባሪውን የመነጽር ቤቱ ባንኮኒ ላይ ዘረገፈና፣ ተራው እስኪደርስ ስልኩን አውጥቶ ጌም ይጫወት ጀመር።

ዓይን የምትለካው ልጅ በትከሻው ላይ አሻግራ አየች። ያው ጌም ነው፤ በብሎክ ቤት የሚሠራበት፣ እሷም ከሥራ ስትመለስ እራቷን እስክትረሳ የምትጫወተው። ስክሪኑ ላይ ሰማይ ጥግ ሊደርስ የሚታገል ደረጃ ቆሟል።

«ደረጃው አያሳምንም» አለች፣ ሳታስበው።

«እንዴት ማለት?»

«እየራቀ ሲሄድ መጥበብ ነበረበት። እርስዎ ከታች እስከ ላይ እኩል ነው የሠሩት። ወደ ላይ ቢያጠቡት አሥሩ ደረጃ መቶ ይመስላል።»

ዓይኑን አጨንቁሮ ቀና አለ። በኋላ እንደነገራት ፊቷ ጭጋግ ነበር የመሰለው፤ መጀመሪያ የወደደው ድምፅዋን ነው።

ጌሙ ውስጥ አንድ ሜዳ ተካፈሉ፤ እሷን ወክላ አንዲት ሴትዮ፣ እሱን ወክሎ አንድ ሰውዬ ሜዳው ላይ ይራመዳሉ። ከሥራ በኋላ በስልክ እያወሩ የሚሠሩት ሁሉ ዓይን የሚያታልል ነበር። ሦስት እርምጃ ብቻ ሆኖ ማለቂያ የሌለው የሚመስል ኮሪደር፣ ጥላ ተቀብቶለት ጉድጓድ የሚመስል ደልዳላ መሬት። መጀመሪያ የሠሩት ግን ግንብ ነበር፤ ከፊት ሲያዩት ዘሞ ሊወድቅ የደረሰ፣ ዞረው ሲያዩት ቀጥ ያለ የእንጨት ግንብ። «እርስዎ» ብዙም ሳይቆይ «አንተ» ሆነ። እሱም «ዓይኔ» ይላት ጀመር። ለሥራዬ ብሎ ነው እያለች ራሷን ብታሞኝም፣ ስሙን በሰማች ቁጥር ፊቷ ይሞቃት ነበር።

«ዓይኔ፣ ለምንድነው ሁልጊዜ ከሴትዮዋ ጀርባ ሆነሽ የምትጫወቺው? እኔ እኮ በሰውየው ዓይን ነው የማየው።»

«ቀሚሷን ማየት እፈልጋለኋ! ስንት ለፍቼ ነው የመረጥኩላት።»

ተሳሳቁና ረሱት።

አንድ ቀን ታዲያ፣ «ይሄን ሁሉ ሠርተን የምንገባበት አንድ ቤት የለንም» አለችው። ለቀልድ ነበር የጀመረችው፤ ስትጨርሰው ግን ቀልድ አልነበረም። እሱ ግን «ደህና እደሪ» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

በሳምንቱ ታላቅ ወንድሙ ሩቅ ከተማ የእንጨት ሥራ ከፍቶ «ና» እንዳለው ነገራት። እስከ ቅዳሜ መልስ መስጠት ነበረበት።

«ሜዳችን ላይ አንድ ነገር ሠርቼልሻለሁ» አላት። «ቀዩ ብሎክ ላይ ቆመሽ እዪው። ከወደድሽው ወርክሾፔ ድረስ ነይ። ካልወደድሽው ምንም አትበዪኝ፤ እኔም አላስጨንቅሽም።»

ማታ ቤቷ ባለው ኮምፒውተር ጌሙን ከፍታ ቀዩ ብሎክ ላይ ቆመች። ፊት ለፊቷ የተበታተነ እንጨት ብቻ ነበር፤ አንዱ አየር ላይ፣ አንዱ ሣር ላይ። ግንባቸው የለም። ብሎኮቹን ለይታ አወቀቻቸው፤ አፍርሶታል። ለካ መሰናበቻ ነው!

«እንግዲያው ደህና ሂድ» ብላ ኮምፒውተሩን አጠፋች። ከዚያ አለቀሰች።

አልደወለችም። እሱም እንዳለው አላስጨነቃትም። እናቷ «ፊትሽ ምነው ጠቆረብኝ?» ስትላት «ራሴን አሞኝ ነው» አለች። እናቷ ባታምናትም ሻይ አቀረበችላት።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ አዛውንት ሊለኩ መጡ። አገጫቸውን መለኪያው ላይ ያሳርፉና ወዲያው ወደ ኋላ ይሸሻሉ።

«ምንም አይታየኝም፣ ልጄ። ሥዕሉ ተበታትኗል።»

«አባባ፣ ወደ ኋላ እየሸሹ እኮ ነው። ዓይንዎ ትክክለኛው ቦታ ላይ ካልሆነ...»

ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«ምነው? ዓይኔ ጠፋ እንዴ?» አሉ ደንግጠው።

«የእርስዎስ ደህና ነው አባባ። ጉዱ የእኔ ነው።»

እሳቸውን በወጉ ለክታ ሸኘችና በስልኳ ጌሙን ከፈተች። ቀዩ ብሎክ ላይ ቆመች። እይታውን ከሴትዮዋ ጀርባ አንስታ ዓይኗ ላይ አደረገችው። የተበታተነው እንጨት ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘ፤ እጀታ እንኳ ያለው ሙሉ በር ሆነ። ወደ በሩ ስትራመድ እንደገና ተበተነ። እንጨቶቹን አልፋ ስትሄድ ግን ከጉብታው ኋላ አንዲት ትንሽ ቤት አገኘች። ተጠራጥራ ዙሪያዋን ዞረች። ከየትም ቢያዩዋት ቤት ናት። ውስጧ ሁለት ወንበር አለ፤ ግድግዳዋ ላይ ጽሑፍ ተሰቅሏል፦ «ይቺ የሚገባባት ናት። እውነተኛዋንም አብረን እንሥራት? አግቢኝ።»

ነጭ ጋወኗን ሳታወልቅ ሮጠች።

አናጢው መላጊያውንና መጋዙን ሣጥን ውስጥ እየከተተ ነበር። ሲያያት መላጊያው ከእጁ ወደቀ።

«ግንቤን አፈረስክ!» አለች፣ እያለከለከች።

«ለበሩ እንጨት አጥሮኝ ነው...»

«ከጀርባ ሆኜ ነው ያየሁት! ቀሚሷን እያየሁ!»

ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ያቺ ቀሚስ ጉድ ልትሠራኝ ነበር! እኔስ እንዴት ረሳሁት?»

«ለወንድምህ ምን አልከው?»

«እመጣለሁ አልኩት። አሁን ጠዋት ነው የነገርኩት።»

ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል ስልኩን አንስቶ ደወለ።

«ጋሼ፣ አልመጣም።» ትንሽ አዳመጠ። «አዎ። መጣች።»

መነጽሩ ሰጋቱራ ለብሷል። አወለቀችለትና በጋወኗ ጫፍ ጠርጋ መልሳ አደረገችለት።

«አሁንስ ፊቴ ይታይሃል?»

«ከየትም ብቆም» አላት።